የአክሶሎትል እንቁላሎች አሉኝ፣ ቤት ልቀይር ነው፤ እንቁላሉን ልላክ ወይስ ተፈልፍለው እስኪያድጉ ልጠብቅ?

የውሃ_ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጊዜ ስለሌለኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሴቷ አክሶሎትሌ፣ ያቺ እንሽላሊት የምትመስል የውሃ እንስሳዬ፣ ትናንት ማታ እንቁላል መጣል ጀመረች። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ተክሉ ላይ፣ የማጣሪያው ቱቦ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ በቃ ያልጣለችበት ቦታ የለም። ቆጥሬ መጨረስ አልቻልኩም፣ ግን በመቶዎች ነው። ጥቁር ፍሬ ይመስላል፣ እያንዳንዱ በጠራ ዝልግልግ ነገር ተጠቅልሏል። ወንዱ አሁንም አብሯት ነው ያለው። አንዳንዴ ወደ እንቁላሉ ጠጋ ሲል አየዋለሁ፣ ሊበላው ይሁን ሊያሸተው አላውቅም።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ሌላ ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ቤት እቀይራለሁ። መንገዱ በመኪና ሙሉ ቀን ይፈጃል። ትልልቆቹን እንዴት እንደምወስድ አውቃለሁ፣ እንቁላልና ጨቅላ ግን አጓጉዤ አላውቅም። ተፈልፍለው ጠንከር እስኪሉ ልጠብቅ? ወይስ እህቴ በሚቀጥለው ሳምንት ቀድማ ስለምትሄድ እንቁላሉን በእሷ ልላክ? ውሃው 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ከቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ። የምታውቁ እባካችሁ ድረሱልኝ።

ጋሽ_ኩሬ፦

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ስለ መንገዱ ሌሎቹ ይነግሩሻል፣ እኔ ዛሬ ስለሚደረገው ልንገርሽ። ወይ እንቁላሉን አውጪ ወይ ትልልቆቹን አውጪ፣ አብረው አይደሩ። ወንዱ እያሸተተ አይደለም፣ ሊበላ ነው። እናትየዋም ትበላለች። አክሶሎትል ከጣለ በኋላ እንቁላሉን የሚያየው እንደ ምግብ ብቻ ነው።

ማውጣቱ አይከብድም። ገና የተጣለ እንቁላል ለስላሳ ነው፣ ዝልግልጉ ውሃ ጠጥቶ ጠንከር እስኪል ጥቂት ሰዓት ስጪው። ተክል ላይ ያለውን ቅጠሉን ቆርጠሽ ከነቅጠሉ አንሺው። መስታወት ላይ የተጣበቀውን በጥፍር አትፋቂ። ስስ የፕላስቲክ ካርድ ከሥሩ አስገብተሽ ቀስ እያልሽ ስትገፊው ሳይቀደድ ይላቀቃል። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነው የምትሠሪው።

ማስቀመጫው ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ይሁን። ጥልቀት አያስፈልገውም፣ ስፋት ነው የሚያስፈልገው። ውሃው ከትልልቆቹ ገንዳ ባይሆን እመርጣለሁ፣ ፈንገስና ቆሻሻ ይዞ ይመጣል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ጨምሪበት። ብዙ ሰው «አንድ ቀን ክፍት አድርገህ አሳድረው» ይላል። ያ የሚሠራው ለክሎሪን ነው። ዛሬ ብዙ ከተሞች ውሃውን የሚያክሙት በክሎራሚን ነው፣ እሱ ደግሞ በማሳደር አይወጣም። ስለዚህ ጠብታውን ግዢ፣ ግምት ውስጥ አትግቢ።

የአየር ፓምፕ ካለሽ በጣም ዝቅ አድርገሽ አንድ የአየር ድንጋይ ጣይበት፣ ውሃው ቀስ ብሎ ይንቀሳቀስ እንጂ እንቁላሉ አይገላበጥ። ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አታስቀምጪው። በየቀኑ ወይም ቢበዛ በየሁለት ቀኑ ግማሹን ውሃ ቀይሪ፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እኩል ሙቀት ይኑረው።

ከዚያ በኋላ ሥራሽ መልቀም ነው። የሞተ እንቁላል ይደፈርሳል፣ ፍሬው ይነጣል፣ ከዚያ ጠጉር የመሰለ ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ጠዋትና ማታ እያየሽ የተበላሸውን በሰፊ ፒፔት (መምጠጫ ቱቦ) ምጠጪና ጣይ። ተቆልለው እንዳይቀመጡ ዘርጊያቸው። እንቁላል የሚያልቀው ባብዛኛው በመታፈግና በሻጋታ ነው።

የውሃ_ዳር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ትልልቆቹን አሁኑኑ ወደ ሌላ ገንዳ አዛወርኳቸው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንዳንዶቹ እንቁላሎች ከሥር ነጣ ብለው ከላይ ጥቁር ናቸው። እነሱ ሞተዋል ማለት ነው? ሁለት ሦስት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነጭ አሉ።

ጋሽ_ኩሬ፦

ግማሽ በግማሽ የሆነውን አትንኪው፣ ጤነኛ ነው። ጥቁሩ ወገን ላይ፣ ነጣ ያለው ወገን ታች ሆኖ መቀመጥ የተፈጥሮው ነው። ሙሉ ነጮቹን ለየት አድርገሽ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አቆያቸው። የአንቺ ሴት አልቢኖ (ጥቁር ቀለም የሌላት) ስላልሆነች ምናልባት ያልዳበሩ ናቸው። አልቢኖ ሴት ብትሆን ግን ሁሉንም ነጭ ነበር የምትጥለው፣ ያ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ለመጣል ቀለሙን ብቻ ሳይሆን መደፍረሱን እይ። ሦስት አራት ቀን ቆይቶም ክብ ሆኖ ከቀረ፣ ቅርጹ ካልተለወጠ፣ ያኔ ጣይው። የዳበረው በዚያ ጊዜ ይረዝምና ባቄላ ይመስላል፣ ቀጥሎ ራስና ጅራት ይለይለታል፣ ከዚያ ውስጡ ሲወራጭ ታይዋለሽ። በእጅ ባትሪ ከጎን አብሪበትና ተመልከቺ፣ እኔ እስከ ዛሬ አይቼ አልጠገብኩትም።

ዳፍኒያ_አርቢ፦

ጋሽ ኩሬ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ጊዜው ልናገር፣ ምክንያቱም እህቴ የአንቺ ጉዳይ የሚወሰነው በጊዜ ነው።

18 ዲግሪ ላይ እንቁላሉ ለመፈልፈል ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስድበታል። ሞቅ ካለ ይፈጥናል፣ ቀዝቀዝ ካለ ይዘገያል። ለማፋጠን ብለሽ ግን እንዳታሞቂው፣ ቀዝቃዛ ውሃ የለመደ ፍጥረት ነው። አሁን ቁጠሪው። በሦስተኛው ሳምንት ቢፈለፈሉ፣ አምስተኛው ሳምንት ላይ የሁለት ሳምንት ጨቅላዎች ናቸው። ከዚያ የከፋ የጉዞ ዕድሜ የለም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሲወጡ አንድ ሴንቲሜትር ትንሽ አለፍ የሚሉ፣ እግር የሌላቸው ክር ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ሆዳቸው ውስጥ በቀረው አስኳል ይኖራሉ፣ ምንም አትስጫቸው። ከዚያ ይርባቸዋል፣ ረሃባቸው ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በዚህ ዕድሜ የሞተ ምግብ አይበሉም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው የሚነክሱት። ፍሌክ (ስስ ደረቅ የዓሣ ምግብ) ብትበትኚ፣ የደረቀ ምግብ ፈጭተሽ ብትሰጪ፣ ውሃውን ታበላሺያለሽ እንጂ አይነኩትም። የሚያስፈልጋቸው በሕይወት ያለ አርቴሚያ (ጥቃቅን የጨው ውሃ ሽሪምፕ) ወይም ትንንሽ ዳፍኒያ (የውሃ ቁንጫ) ነው፣ በየቀኑ፣ ቢቻል ሁለት ጊዜ።

አርቴሚያውን ከደረቅ እንቁላሉ ራስሽ ነው የምትፈለፍይው። በ1 ሊትር ውሃ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው፣ ሙቀቱ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ፣ አየር ከታች እየነፋ። በአንድ ቀን ገደማ ይወጣል። አየሩን ታቆሚና በአንድ ጎን መብራት ታበሪበታለሽ። የተፈለፈሉት ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ፣ ባዶ ቅርፊቱ ከላይ ይንሳፈፋል። ከብርሃኑ በኩል በቀጭን ቱቦ ትስቢያቸዋለሽ፣ በጨርቅ ወንፊት አጥልለሽ በጨው አልባ ውሃ ታጥቢያቸዋለሽ፣ ከዚያ ለጨቅላዎቹ። የበላ ጨቅላ ሆዱ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ከውጭ ይታያል። ሆዱ ግልጽ የሆነውን ካየሽ አልበላም ማለት ነው። አርቴሚያ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ሰዓታት እንጂ ቀናት አይቆይም፣ ስለዚህ የተረፈውን በየቀኑ ምጠጪ። ይህን ሁሉ ቤት እየቀየርሽ፣ ዕቃ እየጠቀለልሽ መሥራት ከባድ ነው።

ሁለተኛው ችግር መነካከስ ነው። የፊት እግራቸው ብቅ ማለት ሲጀምር አጠገባቸው የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ይነክሳሉ፣ የወንድምን እግርና መተንፈሻ ጨምሮ። እግሩ መልሶ ይበቅላል፣ ይህ ፍጥረት በዚህ ነው የታወቀው፣ ግን የተነከሰ ጨቅላ ይዳከማል፣ የተዳከመው ደግሞ ይበላል። በጉዞ ላይ አንድ ዕቃ ውስጥ አፍገሽ ብታስገቢያቸው ስትደርሺ ጉድ ነው የሚጠብቅሽ።

ስለዚህ የእኔ መልስ፦ እንቁላሉን በእህትሽ ላኪ። እንቁላል ይጓዛል። አይበላም፣ አይነክስም፣ ውሃ አያቆሽሽም ማለት ይቻላል።

ቀዝቃዛ_ውሃ፦

በእንቁላሉ እስማማለሁ፣ ግን ዳፍኒያ ጨቅላን ማጓጓዝ የማይቻል አስመሰልከው። ይቻላል። እኔ በመኪና ወስጃቸዋለሁ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ትንሽ ክዳን ያለው ኩባያ አድርጌ፣ በመሃል እየቆምኩ ክዳን እየከፈትኩ። ለጥቂቶች የሚሆን ዘዴ ነው፣ ለመቶዎች ግን አይሆንም፣ እሱ ግልጽ ነው።

ዳፍኒያ_አርቢ፦

ወንድሜ፣ ለጥቂቶች ከሆነ ልክ ነህ። እሷ ግን ያላት በመቶዎች ነው፣ ከየኩባያው የሚቀየረውን ውሃ ብቻ አስበው። አማራጭ እያላት ለምን?

ሳጥን_አሳሪ፦

እኔ እንቁላልም ልጅም ለሌሎች አርቢዎች እልካለሁ፣ ስለዚህ የማሸጉን ነገር ለእኔ ተዉልኝ። 😊

እንቁላሉን መጀመሪያ። መቼ ይላክ ለሚለው፣ እህትሽ የምትሄድበት ጊዜ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን መንገድ ማስጀመር አልወድም፣ ሽሉ ገና ቅርጽ እየያዘ ነው። ሊፈለፈል ሲል ደግሞ መንቀጥቀጡ ቶሎ ያስወጣዋል፣ መንገድ ላይ የተፈለፈለ ጨቅላ ማንም አይፈልግም። ረዝሞ ራስና ጅራት የለየበት ጊዜ ላይ ሲሆን ምርጥ ነው፣ በዚያ ሰዓት የሞተውንም ነፍስ ያለውንም በዓይን ትለዪዋለሽ። ከመሄዷ በፊት ባለው ምሽት አጥብቀሽ ልቀሚ። አንድ የበሰበሰ እንቁላል ታሽጎ ሲውል የሙሉ ዕቃውን ውሃ ያበላሻል።

አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ማሰሮ፣ አዲስ ንጹህ ውሃ፣ ከላይ ትንሽ የአየር ቦታ ብቻ። ብዙ ባዶ ቦታ ከተውሽ ውሃው በመኪናው እንቅስቃሴ ይናጣል፣ እንቁላሉም አብሮ ይማታል። በ1 ሊትር ከ50 በላይ አላደርግም። ሌላ ሰው ሊጨምር ይችላል፣ እኔ አልጨምርም። ድንጋይ፣ ጠጠር፣ ከባድ ጌጥ ምንም አይግባ። ማሰሮዎቹን ወፍራም የፎም ሳጥን ውስጥ ደርድሪ፣ ክፍተቱን በጋዜጣ ሙዪ።

የሙቀቱ ነገር እዚህ ነው። ቀን ሙሉ የተዘጋ መኪና ሊግል ይችላል፣ የዕቃ መጫኛው ደግሞ ይብሳል። ሳጥኑ ሰው ያለበት ቦታ ይቀመጥ። የበረዶ ጥቅል ካስገባሽ በጋዜጣ ወይም በፎጣ ደህና አድርገሽ ጠቅልዪው፣ ማሰሮውን በቀጥታ እንዳይነካ። ሰው በሙቀት ፈርቶ በረዶውን ያበዛና 18 የነበረውን 8 ያደርገዋል። የምትፈልጊው ሙቀቱ ባለበት እንዲቆይ ነው። ከ20 እንዳይበልጥ ሞክሪ፣ 24 ሲደርስ ትልቁ አክሶሎትልም ይጨነቃል። ቴርሞሜትር ሳጥኑ ውስጥ ይኑር፣ እህትሽ ስትቆም ትየው።

አሁን ለልጆቹ። ወደፊት አንዳንዶቹን ለሌላ ሰው ትሰጪ ይሆናል፣ ስለዚህ ልጻፈው። ከ5 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ልጅ አልልክም። 7 ቢሆን ደስ ይለኛል፣ በዚያ ጊዜ አራቱም እግር አለው፣ የተቆረጠ ትልና እንክብል ምግብም ይበላል። ከመሄዱ በፊት አንድ ቀን አይመገብ። የበላ እንስሳ መንገድ ላይ ያራል፣ የራሱን አሞኒያ እየተነፈሰ ይሄዳል። ማስራቡ ጭካኔ አይደለም፣ የሚያሰቃየው ሞልቶ መሄዱ ነው።

አንድ ላስቲክ፣ አንድ ልጅ። ይህን ሕግ አታፍርሺ። ውሃው የላስቲኩ አንድ ሦስተኛ፣ የቀረው አየር። ሰው በተቃራኒው ውሃውን ይሞላና አየር ይነፍጋል። ኦክስጅኑ ያለው ከላይ ባለው አየር ውስጥ ነው። የላስቲኩን ሁለት የታች ማዕዘኖች አጥፈሽ በፕላስተር ለጥፊ፣ ክብ ይሁን። ትንንሾቹ ሾጣጣው ማዕዘን ውስጥ ገብተው ይጣበቃሉ፣ መውጣት አቅቷቸው ይታፈናሉ። ከዚያ በሁለተኛ ላስቲክ ገልብጠሽ ድገሚው፣ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ይይዛል። በጨለማ ይሂዱ፣ ጨለማ ያረጋጋቸዋል።

ቀዝቃዛ_ውሃ፦

ሲደርሱስ? እኔ ሁልጊዜ ላስቲኩን እከፍትና የገንዳውን ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብታ በጠብታ ለሁለት ሰዓት እጨምራለሁ። ቀስ ብሎ እንዲለምድ።

ሳጥን_አሳሪ፦

እዚህ ላይ አልስማማም፣ ምክንያቱን ልንገርህ። ላስቲኩ ተዘግቶ ሳለ እንስሳው የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ ፒኤቹ ይወርዳል፣ ማለትም ውሃው አሲድ ይበዛበታል። ፒኤች ሲወርድ የተጠራቀመው አሞኒያ አብዛኛው ወደ አሞኒየም ይለወጣል፣ እሱ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው። ላስቲኩን በከፈትክ ቅጽበት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሳል፣ ያ ሁሉ አሞኒየም ተመልሶ መርዛማ አሞኒያ ይሆናል። አንተ ቀስ ብሎ እንዲለምድ ስትል በራሱ መርዝ ውስጥ ሁለት ሰዓት ታቆየዋለህ። ለአጭር መንገድ ለውጥ ላታይበት ትችላለህ። ሙሉ ቀን ለታሸገ ግን አደገኛ ነው።

እኔ የማደርገው፦ ላስቲኩን ሳልከፍት ገንዳው ላይ 20፣ 30 ደቂቃ አንሳፍፈዋለሁ፣ ሙቀቱ እኩል ይሆናል። ከዚያ እከፍታለሁ፣ አንድ ሁለት ኩባያ የገንዳ ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ እጨምራለሁ፣ ልጁን በለስላሳ መረብ ወይም በኩባያ አንስቼ አዛውራለሁ። የላስቲኩን ውሃ እደፋለሁ፣ ገንዳ ውስጥ አይገባም። ያን ቀን ምግብ የለም፣ መብራት የለም።

ቀዝቃዛ_ውሃ፦

ይህን በዚህ መልኩ አስቤው አላውቅም፣ ትርጉም ይሰጣል። አመሰግናለሁ።

ጋሽ_ኩሬ፦

ሳጥን አሳሪ ልክ ነው። ለእንቁላሉ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም ልጄ፣ ሙቀቱን ካስተካከልሽ ውሃውን ግማሽ በግማሽ ቀይረሽ ወደ አዲሱ ዕቃ ማፍሰስ ነው። እህትሽ ስትደርስ የሚጠብቃት ውሃ ቀድሞ ክሎሪኑ የጠፋ መሆኑን ብቻ አረጋግጪ። እዚያ ያለው የቧንቧ ውሃ ሌላ ነው፣ አንድ ጠርሙስ ጠብታ ስጫት።

የውሃ_ዳር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወስኛለሁ፣ እንቁላሉን በእህቴ እልካለሁ። እሷ ግን ሥራ አላት፣ መቶዎቹን ሁሉ አርቴሚያ እያበላች ማሳደግ አትችልም። ሐቁን ለመናገር እኔም ብሆን አልችልም። ሁሉንም ማሳደግ አለብኝ? የቀረውን ምን ላድርገው? ማሰቡ ራሱ ይከብደኛል። ደግሞ ረስቼው፣ ሁለቱን ትልልቆች ከአንድ ሰው ነው የገዛኋቸው፣ እህትና ወንድም ይሁኑ አይሁኑ አልነገረኝም።

ዳፍኒያ_አርቢ፦

ሁሉንም አታሳድጊ። ይህን ማንም ካልነገረሽ እኔ ልንገርሽ። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ከመቶ እስከ ሺህ ልትጥል ትችላለች፣ እና እያንዳንዱ ልጅ ሲያድግ የራሱን ገንዳ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ለብዙ ዓመት የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል። 10 ወይም 20 ምረጪ፣ ለእነሱ እውነተኛ ቤት ፈልጊ። የቀሩትን ከአሁኑ፣ ሽሉ ገና ክብ ሳለ፣ ከነውሃው ፍሪዘር ውስጥ አስገቢ። ልብ ካወጡና መወራጨት ከጀመሩ በኋላ አይደለም፣ አሁን። ከተፈለፈሉ በኋላ ተርበው ወይም ተበላልተው ከሚሞቱ ይህ መቶ እጥፍ ይሻላል። ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ መጣል ግን በፍጹም። በሽታ ያሠራጫል፣ ያልነበረበት ውሃ ውስጥ እንግዳ እንስሳ ያስገባል።

የወንድምና እህቱ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ከአንድ እናት የወጡ መሆናቸው ከታወቀ አንድም እንቁላል አላሳድግም ነበር። ሰው ቤት ያለው አክሶሎትል ቀድሞውንም ዘሩ ጠባብ ነው። በ1860ዎቹ ከሜክሲኮ ወደ ፓሪስ ከተጫኑት 34 አክሶሎትሎች ጥቂቶቹ ተራብተው ነው የዛሬው አብዛኛው የመጣው። በዚያ ላይ ወንድምና እህት ሲጨመር ደካማና ጎዶሎ ልጆች ይበዛሉ። ሻጩን ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂው።

ሳጥን_አሳሪ፦

አንድ ልጨምር። የእህትሽ መንገድ ድንበር ያቋርጣል እንዴ? አክሶሎትል በሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ) ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ላይ የተመዘገበ እንስሳ ነው፣ በሀገሩ በሜክሲኮ፣ በሾቺሚልኮ፣ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። ከሀገር ሀገር ለማሻገር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እንቁላልም ቢሆን። አንዳንድ ቦታ ደግሞ፣ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ መያዙ ራሱ ክልክል ነው። አገር ውስጥ ከሆነም የአካባቢውን ደንብ ቀድመሽ እዪ።

የውሃ_ዳር፦

ድንበር አያቋርጥም፣ እዚያም መያዝ እንደሚፈቀድ አረጋግጫለሁ። ሻጩን ደወልኩለት፣ ከተለያዩ አርቢዎች ነው ያመጣኋቸው አለ፣ የሁለቱንም ወላጆች ፎቶ ላከልኝ። ተመስገን ነው። 20 ለይቼ ሌላውን ዛሬ ማታ ፍሪዘር አስገባለሁ። ከ20ው ውስጥ ለስንቱ ቤት እንደማገኝ እያጠያየቅኩ ነው፣ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት እወስዳለሁ ብላለች።

ጋሽ_ኩሬ፦

ጎበዝ። ለመንገዱ 30 ያዢ እንጂ 20 አትበይ፣ ከመፈልፈል በፊት የሚበላሽ አይጠፋም። እህትሽም አርቴሚያውን እንቁላሉ ከመፈልፈሉ ሁለት ቀን ቀደም ብላ አንድ ጊዜ ትሞክረው፣ የተራቡ ጨቅላዎች ፊት ቆሞ መማር አይመችም። ወንዱንና ሴቷን ደግሞ አሁን ለያዪያቸው። አብረው ከሆኑ ቶሎ ደግማ ትጥላለች፣ በላይ በላዩ መጣል ደግሞ ሰውነቷን ይጨርሰዋል። ቢያንስ ለስድስት ወር ለየብቻ ይኑሩ፣ እሷን በደንብ የምድር ትል አብያት።